የሕግ ትምህርት በርና የተማሪው ዝለት



በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ። ሕጎቹን የሚያውቅ ባለሙያ በማስፈለጉ በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። ቀን በሥራ የዋለ ሰው በማታ መርሐ ግብር የሚማርበት ዕድልም ነበረ። ድካሙ ቀላል አልነበረም፤ ሆኖም ሠራተኛው ዕድሜው ከገፋ በኋላም መመለስ ይችል ነበር።

ዛሬ ከአሰንዳቦ ተነሥታ ሕግ ለማጥናት የምታስብ ተማሪ የምትጠብቃት በር ሌላ ናት። የ12ኛ ክፍል ፈተና ስርቆትን ለመከላከል በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛወረ፤ ተፈታኞችም ከቤታቸው ርቀው፣ በማያውቁት አልጋ አድረው ተፈተኑ። ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ ከማኅበራዊ ሳይንስ ደግሞ 6,973 ብቻ። ፈተናውን ያለፈም ቢሆን ሕግን ለመምረጥ የአንደኛ ዓመት ውጤቱ ገና ይጠበቃል።

እንግዲህ ዝለቱ ከስንፍና የመጣ አይደለም። እኛ መምህራን ግን ለረጅም ጊዜ ስንፍና እያልን ጠራነው፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። በጅማና በአካባቢዋ ተማሪው ሌሊቱን በቡናና በጫት ለማንጋት ይሞክራል፤ ያ ግን የነገውን ጉልበት ዛሬ መበደር ነው። እንቅልፍን በጥናት መርሐ ግብሩ ውስጥ ጻፉት። ያልተሳካለትም ከዚያው ዓመት ጀምሮ የተዘረጋውን የሪሚዲያል ትምህርት እንደ ውርደት አይቁጠረው፤ በዚያ መንገድ የገቡ ተማሪዎች ዛሬ በክፍላችን ተቀምጠዋል።