የመርካቶ ሳቅ የማን ነበር?

በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ መርካቶን የረገጠ ሰው ይህን አይረሳም። የበዓል ሰሞን ነው። ሙዚቃ ቤቶች ስፒከራቸውን ወደ መንገድ አዙረዋል። ከዘፈኑ መሀል የቀልድ ካሴት ይገባል። ተሸካሚው ሸክሙን ሳያወርድ ይቆማል፣ በግና ዶሮ ሊገዛ የመጣው ሰው ዋጋ መጠየቁን ይተዋል፣ ሱቅ ጠባቂው ሳቁን አፍኖ ደንበኛ ይጠራል። መንገዱ ይዘጋል። አንድ ሰው በድምፁ ብቻ መርካቶን የሚያክል ገበያ ያቆማል።

ሰውየው ግን እዚያ የለም። ካሴቱ አሥር ሺህም ይሸጥ መቶ፣ በየሱቁ ደጃፍ ሲጮህ ቢውልም ቢያድርም፣ ለእሱ የሚጨምርለት ነገር አልነበረም። ድምፁን አንዴ ሸጦታል።

የኢትዮጵያ ኮሜዲና የስርጭት ሥራ ታሪክ ሲጠቃለል ይህንኑ ይመስላል። ቀልደኛው መድረክ ሲዘጋበት ወደ ካሴት፣ ካሴት ሲሞት ወደ ሬዲዮ፣ ሬዲዮ ሲያስወጣው ወደ ስልክ ተሻግሯል። ፈጠራው አልነጠፈም። ሥራ ባጣ ቁጥር ግን ከዜሮ ጀምሯል፣ ምክንያቱም የትናንት ሥራው የእሱ ንብረት አልነበረም።

ታሪኩ የሚጀምረው በእገዳ ነው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ተብሎ የሚጠቀሰው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም "ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ" ነው። ሐዘንም ታሪክም ሳይሆን ኮሜዲ ነው። እንስሳትን እያናገረ የቤተ መንግሥቱን ብልሹ አሠራር ነካ፤ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመንም ታገደ። ተክለ ሐዋርያት ራሽያ የተማሩ፣ የተከበሩ ሰው ነበሩ። ተውኔታቸው ቢታገድም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል፤ በወረራው ዋዜማ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ ተከራክረዋል። ለእሳቸው ሌላ በር ነበራቸው። ከሳቅ በቀር ሌላ ሙያ የሌለው ተዋናይ ግን በሩ ሲዘጋበት የት ይሄዳል?

ለብዙ ዘመን በሩ አንድ ነበር፦ መንግሥት። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም ተቋቋመ። ዛሬ ብሔራዊ የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በ1948 ተከፈተ። ቴሌቪዥን በ1957 ሥራ ጀመረ። መርካቶም የራሱ ቤት ነበረው፤ ራስ ሲኒማ፣ በኋላ ራስ ቴአትር። ተዋናዩ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ደመወዝ አለው፣ ጡረታ አለው፣ የሚፈርመው የሰዓት መቆጣጠሪያ አለው። ይህን መናቅ አይገባም፤ ዛሬ በርካታ የጥበብ ሰዎች የሚያልሙት ዋስትና ነው። ግን አንድ በር ብቻ ያለው ቤት፣ በሩ የተዘጋበት ሰው በመስኮት እንኳ አይወጣም።

ታማኝ በየነን ማሰብ ይበቃል። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን "ኅብረ ትርዒት" የሀገሩ ሰው ሁሉ ያወቀው ቀልደኛና የመድረክ መሪ ነበር። ያኔ ሌላ ጣቢያ የለም፤ ከዚያ ስክሪን የወረደ ሰው ከሀገሪቱ አየር ሁሉ ወረደ ማለት ነው። መንግሥት ሲቀየርም ምላሱ አልተቀየረምና ኑሮው በስደት ሆነ። በውጭ ሀገር መድረክ ላይ በቀልድና በፖለቲካ መካከል አዲስ ሥራ ፈጠረ፤ ወደ ሀገሩ የተመለሰው ከ22 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም ነው። አንዱ በር ሲዘጋ አንድ ኮሜዲያን ምን ያህል ሩቅ መሄድ እንዳለበት የሚያሳይ ርቀት ነው።

በ1983 ዓ.ም ግንቦት ደግሞ በሩ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ተዘጋ። ደርግ ወደቀ። ሠራዊቱ ሲበተን ኦርኬስትራዎቹም አብረው ተበተኑ። በየቀበሌውና በየከፍተኛው ተደራጅተው የነበሩ የኪነት ቡድኖች ፈረሱ። ድራማ፣ ዘፈንና ቀልድ በመንግሥት መዋቅር ውስጥ የተማረ ትውልድ ያለ መዋቅር ቀረ። ያ ትውልድ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ወጣ፤ ሰው የሚያስቅበትን ወይም የሚያስለቅስበትን ችሎታ።

ያንን ችሎታ የገዛው መርካቶ ነው።

መርካቶ ራሱ ከመፈናቀል የተወለደ ገበያ ነው። የጣሊያን ወራሪ የአራዳን ገበያ ለነጮች ከልሎ የሀገሬውን ሰው ወደ ምዕራብ ገፋው፤ ስሙም ከዚያው የቀረ የጣሊያንኛ "ገበያ" ነው። የተገፋው ሰው ግን ገበያውን የራሱ አደረገው። ምናለሽ ተራ የሚሠራውን ያየ ሰው የመርካቶን ፍልስፍና ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ያረጀ በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ ቆርቆሮ ኩራዝ ይሆናል፣ ጎማ በረባሶ ይሆናል። ሌላው የጣለው ለመርካቶ ጥሬ ዕቃ ነው። መንግሥት ያወረደው ቀልደኛም እንዲሁ።

መንገዱ ቀድሞ ተጠርጎ ነበር። ዐምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም የሀገር ፍቅርን የሸክላ ማሳተም ብቸኛ መብት ጥሶ ሸክላ ሲያሳትም፣ ጥበብ ያለ መንግሥት ፈቃድ በገበያ መኖር እንደሚችል አሳይቷል። ከዚያ ካሴት መጣ። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ የምሽት ክበቡን ሲያዳክም ካሴት ጨዋታውን ወደ ሳሎን አስገባው። በ1980ዎቹ ቀልድ የራሱ ካሴት ያለው ሸቀጥ ሆነ። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ ተስፋዬ ካሳ፣ እንግዳዘር ነጋ፣ ክበበው ገዳ የሚሉት ስሞች ከቴሌቪዥን ቤት በሌለው ገጠር ሳይቀር ታወቁ። ካሴቱ ከመርካቶ ይነሣል፤ ከአውቶብስ ተራ አውቶብስ ላይ ይጫናል፤ ሹፌሩ መንገዱን ሙሉ ያጫውተዋል፤ ደሴና ጅማ ሲደርስ ቀልዱ ከሰው አፍ አይጠፋም።

በአንድ በር ምትክ ብዙ በር ተከፈተ። ቴሌቪዥን ባያቀርበው አሳታሚ ያቀርበዋል፤ አንዱ ሙዚቃ ቤት ባይገዛው ጎረቤቱ ይገዛዋል።

ውሉ ግን ቀላል ነበር፣ ምናልባትም ከሚገባው በላይ ቀላል። ቀልደኛው ማስተሩን ያስረክባል፣ ገንዘቡን አንዴ ይቀበላል፣ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍም ኪሳራም የነጋዴው ነው። ነጋዴውን በዚህ ብቻ መርገም ፍትሐዊ አይደለም። ለስቱዲዮ የሚከፍለው፣ የሽፋኑን ወረቀት የሚያሳትመው፣ ካሴት የሚያባዛው፣ ካልተሸጠ ክምችቱን ታቅፎ የሚቀረው እሱ ነው። ባንክ ለቀልድ አያበድርም፤ መርካቶ ግን አበድሯል። በዚያ ላይ ነጋዴውም ይዘረፍ ነበር። ካሴቱ ዛሬ ወጥቶ በማግስቱ ቅጂው በመንገድ ላይ በርካሽ ይሸጣል። ሌባው በሚያተርፍበት ገበያ ሕጋዊው አሳታሚ ለባለሙያው የሚከፍለውን ይቀንሳል። ዞሮ ዞሮ ዕዳው ቀልደኛው ላይ ያርፋል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ድምፃውያን አዲስ አልበም አናወጣም ብለው ያመፁት ለዚህ ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ። ትልቅ ድል ነበር። ሆኖም ሕጉ የወጣው ካሴት በሚሞትበት ሰዓት ነው። ሲዲና ቪሲዲ መጡ፤ ቀጥሎ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ። ጥቂት ብር ከፍሎ መቶ ዘፈንና ሃምሳ ቀልድ ስልኩ ላይ የሚያስጭን ደንበኛ የማንን ሥራ እንደገዛ አይጠይቅም። ብዙ ሙዚቃ ቤት የሞባይል መለዋወጫ ሱቅ ሆነ። ስፒከሩ ቀረ፣ ካሴቱ ጠፋ። ሁለተኛው አሠሪም ሳይታሰብ በሩን ዘጋ፤ የስንብት ደብዳቤ እንኳ የጻፈ የለም።

ሦስተኛው በር አየር ሰዓት ነበር። የ1991ዱ የብሮድካስት አዋጅ ለግል ጣቢያ መንገድ ከፈተ፤ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ጀመረ፤ በ2000 ዓ.ም ሸገር 102.1 መጣ። ቀልደኛና ጋዜጠኛ በአንድ ማይክራፎን ፊት ተቀመጡ። በዚህ ዘመን አብዛኛው የመዝናኛ ፕሮግራም የሚሠራው እንዲህ ነው፦ አዘጋጁ ከጣቢያው ሰዓት ይገዛል፣ ማስታወቂያ ለምኖ ያመጣል፣ ከተረፈው ይበላል። በስም "የራሱ ፕሮግራም" ነው። በተግባር ግን ተከራይ ነው። ስፖንሰሩ አንድ ወር ሲዘገይ ወይም ጣቢያው ዋጋ ሲጨምር አዘጋጁ፣ ቴክኒሻኑና ተባባሪው በአንድ ቀን ከሥራ ውጭ ናቸው። አሠሪ ስለሌለ ካሣም የለም። አድማጩ የሚያውቀው "ያ ፕሮግራም ቀረ እንዴ?" ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው።

በቴሌቪዥንም ሥጋቱ ያው ነው። "የአለቤ ሾው" በሀገራችን ከመጀመሪያዎቹ የቶክ ሾው ዝግጅቶች አንዱ ነበር። አለባቸው ተካ በ1997 ዓ.ም በመኪና አደጋ ሲሞት ዝግጅቱም አብሮት ሞተ፤ ሥራው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ ነበርና። በ2008 ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ ደግሞ የጥበብ ማኅበራት እንጀራችንን ይዘጋል ብለው ተቃወሙ። ፍርሃታቸው መሠረት ነበረው። በዚያው ልክ ግን ለብዙ ወጣት የድምፅ ተዋናይ የመጀመሪያ ደመወዙን የሰጠው ያው ጣቢያ ነው።

ይህ የእኛ ጣጣ ብቻ አይደለም። በዝምታው ፊልም ዘመን አሜሪካ ሁለት ታላላቅ ቀልደኞች ነበሯት። ቻርሊ ቻፕሊን በ1919 እ.ኤ.አ. ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ዩናይትድ አርቲስትስን አቋቋመ፤ ስቱዲዮውም ፊልሞቹም የራሱ ሆኑ። በስተር ኪተን በ1928 ነፃነቱን ትቶ ለትልቁ ኩባንያ ለኤም ጂ ኤም ፈረመ፤ በኋላ የሕይወቴ ትልቁ ስሕተት ያለው ውሳኔ ነው። በ1933 ተባረረ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደዚያው ኩባንያ የተመለሰው ለሌሎች ቀልድ የሚጽፍ ተቀጣሪ ሆኖ ነው። ቻፕሊንም ክፉ ቀን አይቷል፤ በ1952 አሜሪካ ተመልሶ እንዳይገባ ፈቃዱን ሰረዘችበትና ስዊዘርላንድ ከረመ። ግን ፊልሞቹ በእጁ ነበሩ። ሁለቱም ሊቅ ነበሩ፣ ሁለቱም ሥራ አጥተዋል። የለያያቸው ውል ነው።

መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ቴአትር ቤቱንም ሲኒማውንም የሠርግ አዳራሹንም ሲያዘጋ፣ ለብዙ ኮሜዲያን የቀረው ስልክና ዩቲዩብ ነበር። ከመድረክ ቀልድ የተነሣው እሸቱ መለሰ ዛሬ በዋናነት የሚታወቀው በራሱ ቻናል፣ በዶንኪ ትዩብ ነው። የሚለቀው ሰዓት የራሱ ነው፤ የትናንቱ ዝግጅት ዛሬም ይታያል፣ ዛሬም ይከፍላል። ካሴት የሸጠው ትውልድ ያላገኘው ይህ ነው።

ይህም ቢሆን ዋስትና ነው ማለት አይደለም። የቻናሉ መሬት የውጭ ኩባንያ ነው፤ ደንቡን በአንድ ሌሊት ይቀይራል። ዘራፊውም አልጠፋም፤ ከመርካቶ መንገድ ወደ ቴሌግራም ቻናል ቤት ቀየረ እንጂ። የሌላውን ሥራ አውርዶ የራሱን ሎጎ ለጥፎ የሚለቅ ቻናል፣ ትናንት በሌሊት ካሴት ሲገለብጥ ያደረው ሰው የልጅ ልጅ ነው። ያን የሚያጋራውም አንባቢ ደንበኛው ነው።

እዚህ ሀገር አንድ የተለመደ ትዕይንት አለ። ሚሊዮኖችን ያሳቀ ሰው ይታመማል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይለቀቃል፣ ያ ሁሉ የሳቀ ሕዝብ አቅሙ እንደፈቀደ ያዋጣል። ደግነቱ የሚያኮራ ነው። ግን ከየቀልዱ ሽያጭ አንዲት ሳንቲም ብትደርሰው ኖሮ ያ ሰው እርዳታ ሳይሆን ሒሳቡን ይቀበል ነበር። አዋጅ 410ን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007 የሮያሊቲ ክፍያን በጋራ አስተዳደር የመሰብሰብ መንገድ ዘርግቷል። የቀረው ሬዲዮው፣ ሆቴሉ፣ አውቶብሱና ሱቁ ለሚያጫውቱት መክፈልን እንደ መብራት ሒሳብ እንዲያዩት ማድረግ ነው። ቀልደኛውም ማስተሩን ከማስረከቡ በፊት አንድ ጥያቄ መልመድ አለበት፦ "ከነገ ወዲያ ሲሸጥስ?"

የምናለሽ ተራ አንጥረኛ በርሜሉ የሱ አይደለም፣ ሱቁ የኪራይ ነው፣ ምድጃው ማታ ይሸጣል። መዶሻውን ግን ለማንም አይሸጥም። ነገ ተራው ቢፈርስ እንኳ ሌላ ጥግ ይዞ ይቀጠቅጣል። የመርካቶን መንገድ በሳቅ የዘጉት ሰዎች ለመቶ ዓመት በፈጠራ አልታሙም። ምርታቸውን መሸጣቸውም ጥፋት አልነበረም። ችግሩ ከምርቱ ጋር መዶሻውንም አብረው መሸጣቸው ነው።