የኢጣሊያ ስም ለሴት ልጅ፤ ስለ ስም አወጣጥና ስለ አምስቱ የጠላት ዓመታት

በሲያትል በምንኖር ስደተኞች ዘንድ ልጅ በተወለደ ቁጥር የማይቀር ክርክር አለ፤ እርሱም የስም ክርክር ነው። አንዳንድ ወላጆች ለአሜሪካዊው አፍ የሚቀል፣ ለእኛም ጆሮ የማይጎረብጥ ስም ሲፈልጉ በኢጣሊያ ስሞች ላይ ያርፋሉ፤ ሉቺያ፣ ቢያንካ፣ ቪቶሪያ። ስሙ ገና ከአፍ ሳይወጣ ከአያቶች ወገን «የግራዚያኒ አገር ስም ለልጅ ልጄ?» የሚል ቁጣ ይነሣል። ከወጣቶቹ ወገን ደግሞ «ስም ድምፅ ብቻ ነው» የሚል መልስ ይሰጣል። እኛ ግን ሁለቱም ወገኖች ታሪኩን በሚገባ አልመረመሩትም ባይ ነን። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የቁጣው ወገን አቋሙ ወጥ አይደለም። ፒያሳ፣ ፖፖላሬ፣ ካዛንቺስ እያለ ሲጠራ ምላሱ አይደናቀፍም። ካዛንቺስ እኮ ኢንቺስ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የኢጣሊያ የመንግሥት ሠራተኞች የቤቶች ተቋም ላሠራቸው ቤቶች የተሰጠ ስም ነው። በሌላ በኩል ንጹሑን የአገራችንን ስም የሮማ ቅሪት አድርጎ የሚጠረጥር አይጠፋም። ሮማን የሚለው የሴት ስም ከሮማ ከተማ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም፤ የፍሬው ስም ነው። ልዕልት ሮማነ ወርቅ ኃይለ ሥላሴ በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ባለቤታቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ በ1937 በፋሺስቶች እጅ ከተገደሉ በኋላ ልዕልቲቱ ከልጆቻቸው ጋር ወደ ኢጣሊያ ተጋዙ፤ በአዚናራ ደሴት በእስር ቆይተው በ1940 በቶሪኖ ከተማ አረፉ።

ታሪኩ የሚገለበጥበትም ቦታ አለ። እኛ የኢጣሊያን ስም ለልጅ ለመስጠት ስንከራከር፣ ኢጣሊያውያን የእኛን ከተማ ስም ለሴት ልጆቻቸው ሰጥተዋል፤ ስሙም «አዱዋ» ነው። በ1896 የተሸነፉባትን ዓድዋን ጦራቸው ጥቅምት 6 ቀን 1935 በያዘ ጊዜ የቆየው ውርደት ተፋቀ ተብሎ በየአደባባዩ ተለፈፈ፤ ያም ግለት እስከ ሕፃናት መዝገብ ድረስ ዘለቀ። ስመ ጥሩው ድምፃዊ ሉቺያኖ ፓቫሮቲ በ1961 ያገባት ሴት ስሟ አዱዋ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው የአንቶኒዮ ፒየትራንጄሊ ፊልም ዋና ገጸ ባሕርይም አዱዋ ትባላለች። እነዚያ ሴቶች ስሙን አልመረጡትም፤ የአባቶቻቸው ዘመን ጫነባቸው። በእነርሱ ስም ውስጥ የሚሰማው የማን ድል ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ እንደ ሰሚው ነው፤ ለእኛ ጆሮ የ1896ቱ ሊሆን ይችላል። ቪቶሪያ ማለትም «ድል» ነውና ለዚህ ስም የሚጓጉ ወላጆች ጥያቄው ይመለከታቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በ1935 የፋሺስት ወታደሮች ሲዘምቱ የዘፈኑት «ፋቼታ ኔራ» ስለ አንዲት ሐበሻዊት ልጃገረድ የተደረሰ ነው፤ ልጅቱ ግን በመዝሙሩ ውስጥ ስም የላትም። ሕግና ንጉሥ ተስፋ ተሰጣት፤ ስም አልተሰጣትም። የሆነውም ይኸው ነው። ሚያዝያ 19 ቀን 1937 የወጣው አዋጅ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖረውን ኢጣሊያዊ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲቀጣ አደረገ። ግንቦት 13 ቀን 1940 ደግሞ ስለ ክልሶች የተደነገገው ሕግ ቍጥር 822 መጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ኢጣሊያዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ «የእኔ ነው» ብሎ ማስመዝገብ ተከለከለ፤ ልጁም የአባቱን የቤተ ሰብ ስም እንዳይሸከም ተደረገ፤ የማሳደጉም ዕዳ በእናቲቱ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

የዚህን ሕግ ጭካኔ ለመረዳት የእኛን የስም ሥርዓት ማስታወስ ያስፈልጋል። በእኛ ዘንድ የቤተ ሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፤ የልጅ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ነው። «የማን ልጅ ነሽ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እርሱ ነው። ሕጉ የመታው እንግዲህ ሥርዓታችን ከባዱን ሸክም ባስቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። እናት ልጇን ማርያ ብትላትም ሮዛ ብትላት የሚቀጥለው ቦታ ባዶ ነበር። ባዶውንም ቦታ ብዙ ጊዜ የሞላው የእናቲቱ አባት፣ ማለት የአያት ስም ነው። ያ ሕግ በኢጣሊያ በይፋ የተሻረው በ1947 ነው፤ ያን ጊዜ ልጆቹ በእግራቸው ቆመው ነበር። ከአሥመራ ልጆች መካከል ከኢጣሊያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱት ወንድማማቾቹ ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ በ1962 በአዲስ አበባ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ተሰልፈው፣ ሁለቱም በፍጻሜው ግጥሚያ ግብ አስቆጥረዋል፤ የቡድኑም አምበል ሉቺያኖ ነበር። በዚያ ቀን ኢታሎ የሚለውን ስም ማን ጠላት ብሎ ሰማው?

በዚህች ከተማ የሚሰማው የኢጣሊያ ስም ደግሞ በሌላ መንገድ የመጣ ነው። ዛሬ ወገኖቻችን የሚኖሩበት የሬይኒየር ሸለቆ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኢጣሊያ ስደተኞች ሠፈር ነበር፤ ሰዉ በቀልድም በንቀትም «የነጭ ሽንኩርት ሸለቆ» ይለው ነበር። እነዚያ ድኾች ወደዚህ የመጡት እንጀራ ፍለጋ እንጂ አገር ለመውረር አይደለም። ስማቸውንም አልጠበቁትም፤ ጁዜፔው ጆ ሆነ። በ1909 እዚሁ ሲያትል የአሜሪካን ዜግነት የተቀበለችውና በ1946 ቅድስት የተባለችው መነኵሲት ፍራንቼስካ ካብሪኒ እንኳ በአሜሪካ የምትታወቀው ፍራንሲስ ተብላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ዜግነት ያልያዙት ኢጣሊያውያን እስከ ጥቅምት 1942 ድረስ «የጠላት አገር ሰዎች» ተብለው ተመዝግበው ነበር። ስለዚህ የሚዋሱትን ስም ከማን እንደሚዋሱ መለየት የወላጆች ፈንታ ነው።

የእኛን አስተያየት ለሚጠይቅ፣ ሉቺያን አንቃወምም፤ ትርጓሜዋ ከብርሃን ነውና ብርሃኔ ከምንላት ልጅ እምብዛም አትርቅም። ቢያንካ ግን «ነጭ» ማለት ነው፤ በዚህ አገር ለምታድግ ጥቍር ሕፃን ይህን ስም የሚሰጡ ወላጆች ትርጕሙን አውቀው ቢያደርጉት ይሻላል። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና የምትነሣ ከሆነ ካህኑ የሚሰጣት ስም ለብቻው ስለሆነ እርሱ አያሳስብም።

የሚያሳስበን በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ሁለተኛው መስመር ነው። የአሜሪካ ቅጽ የቤተ ሰብ ስም ይጠይቃል። አንዳንዱ ወላጅ የራሱን ስም ያስገባል፤ ልጅቱም እንደ አገሯ ሥርዓት የአባቷ ልጅ ተብላ ትጠራለች፤ አባትና ልጅ ግን በትምህርት ቤትም በአውሮፕላን ማረፊያም ለምን ስማችሁ አይመሳሰልም ተብለው ይጠየቃሉ። ሌላው የአያትየውን ስም ያስገባል፤ ቅጹ ይረካል፤ የአባትየው ስም ግን ከልጅቱ ስም ውስጥ ይጠፋል፤ የእርሷም ልጆች ያንኑ የአያት ስም ይዘው ሊቀጥሉ ይችላሉ። ጸሐፊዋ ቅጹን ይዛ አልጋው አጠገብ ስትቆም ግን ክርክሩ ሁሉ ገና በመጀመሪያው መስመር ላይ ነው።