ከሊማሊሞ እስከ ሚኔሶታ፤ የሰሜን ተራሮችና የሰማዩ ታሪክ

የሚኔሶታ ግዛት መፈክር ከ1861 ጀምሮ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ሲሆን፣ ትርጉሙም «የሰሜን ኮከብ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የግዛቲቱ ሰንደቅ ዓላማም ስምንት ጫፍ ያለው ነጭ ኮከብ ይዟል። ይሁንና በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ለሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን «ሰሜን» ሲባል መጀመሪያ ወደ ልብ የሚመጣው ሌላ ሰሜን ነው። ይኸውም ከጎንደር በላይ ያለው፣ ገደሉ የማያልቀው፣ ሌሊቱ አጥንት የሚሰብረው የሰሜን ተራሮች አገር ነው።

የዚህ አገር መግቢያ በር ደባርቅ ናት። ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ከሷ አለፍ ሲሉ መንገዱ ሊማሊሞን ተጠማዝዞ ወደ ተከዜ ቆላ ይወርዳል። ተራሮቹን ለማየት የሚመጣ መንገደኛ ጠባቂና መንገድ መሪ ይዞ፣ ጭነቱን በበቅሎ አስጭኖ የሚነሣው ከደባርቅ ነው። ከዚያ ወደ ሳንቃ በር፣ ወደ ጊጭ፣ ወደ ጨነቅ ይሄዳል። ራስ ደጀን፣ ብዙዎች ራስ ዳሽን የሚሉት፣ 4,533 ሜትር ነው። በሚኔሶታ ከፍተኛው የሚባለው ኢግል ማውንቴን 701 ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ስድስት ኢግል ማውንቴን ቢደራረቡ እንኳ ራስ ደጀን ላይ አይደርሱም።

ዛሬ ይህ ስፍራ የሚታወቀው በአገር ጎብኚ ነው። ታሪኩ ግን ከጎብኚው በፊት የነበረና ብዙ ሕዝብ ያለበት ነው።

የነገሥታትና የገበሬዎች አገር

ቤተ እስራኤል በእነዚህ አምባዎች ላይ ተጠግተው እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የራሳቸው ገዥዎች ነበሯቸው። ዐፄ ሠርፀ ድንግልና ከሳቸውም በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ ያዘመቱባቸው በዚሁ ተራራ ላይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሰሜን የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ግዛት ሆነ። ውቤ በደራስጌ ያሠሯትን የማርያም ቤተ ክርስቲያን ለራሳቸው ንግሥ አስበው እንደነበር ይነገራል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1855) ደጃች ካሣ ኃይሉ በደራስጌ ጦርነት ውቤን ድል አድርገው ማረኩና፣ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ አንዱ ምዕራፍ የተከፈተው በዚህ ብርዳም ተራራ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ከጦርነቱ ባሻገር ግን ሰሜን የገበሬ አገር ነው። ገብስ የሚዘራበት፣ በግና ፍየል የሚረባበት፣ ሕፃን ልጅ በጠዋት ውርጭ ረግጦ ከብት የሚያወጣበት አገር ነው።

ሰማዩን ማን ያውቀው ነበር?

ኮከብ ማየት የፈረንጅ ሥራ ነው የሚሉ አሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በኢትዮጵያ ሁለት ዓይነት የሰማይ እውቀት ነበር። አንደኛው ኮከብ ቆጠራ ሲሆን፣ የሰውን ዕጣ ከነስሙ ከነእናቱ ስም እያሰላ የሚናገር በመሆኑ ሰው ይፈራውም ይጠረጥረውም ነበር። ሁለተኛው ባሕረ ሐሳብ ነው። ይህ የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት አስማምቶ የጾምንና የበዓልን ቀን የሚያወጣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። አበቅቴ፣ መጥቅዕ፣ ወንበር የሚባሉት ስሌቶች በ19 ዓመት የጨረቃ ዑደት ላይ የቆሙ ናቸው። የፋሲካ ቀን በሚኒያፖሊስ ሲታወጅም ስሌቱ ያው ነው።

ከዚህም የቆየ ምስክር አለ። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍል ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት ደጆች ወጥታ በምዕራብ በስድስት ደጆች እንደምትገባ፣ ጨረቃም እንዴት እንደምትሞላና እንደምትጎድል ይተርካል። ሌላው ዓለም ጥሎት የነበረውን ይህን መጽሐፍ የኢትዮጵያ ጸሐፍት ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ከትውልድ ወደ ትውልድ አሸጋግረውታል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የዚሁ መጽሐፍ የአራማይክ ቁርጥራጮች ሲገኙ የግእዙ ቅጂ ምን ያህል ጥንታዊ ነገር እንደያዘ ታወቀ።

ያልተማረውም ገበሬ ቢሆን ሰማዩን ያነብ ነበር። አጥቢያ ኮከብ ስትወጣ መንገደኛ ጓዙን ይጭናል፤ ሙስሊሙ የረመዳንን ጨረቃ ተራራ ላይ ወጥቶ ይጠብቃል። በከዋክብት የተሞላው ነጭ መንገድም በሊቃውንቱ ዘንድ ፍኖተ ሐሊብ፣ የወተት መንገድ፣ ይባላል።

መለኪያ ይዘው የመጡት

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 ነው። የከዋክብትን ከፍታ የሚለካበትን መሣሪያ በሰው ጫንቃ እያሸከመ ነበር የመጣው። ሲመለስ መጽሐፈ ሄኖክን በግእዝ ይዞ ሄደ፤ በ1821ም መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታተመ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1832 ሰሜንን ጎብኝቶ በ1835 ዋልያን ለአውሮፓ የእንስሳት ጥናት አስተዋወቀ። የሳይንስ ስሙ ዛሬም «ዋልያ» የሚለውን የአገሬውን ቃል እንደያዘ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ሰማዩንና ምድሩን ያገናኘው ግን ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ምፅዋ ደርሶ አሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ሲዘዋወር፣ ከዋክብትንና ጨረቃን እያየ የቦታዎችን አቀማመጥ ወሰነ፤ ከአንዱ ተራራ ሌላውን እያነጣጠረ የተራሮችን ከፍታ ለካ፤ ካርታም ሠራ። የአማርኛ መዝገበ ቃላቱ በ1881 ታተመ። በፈረንሳይ የባስኮች አገር፣ አንዳይ በተባለ የባሕር ዳር ከተማ ባሠራው ቤተ መንግሥት ውስጥ የከዋክብት መመልከቻ አቋቁሟል። በዚያው ቤት የምግብ አዳራሽ ወንበሮች ላይ የአማርኛ ፊደላት ተጠልፈው ይገኛሉ።

እነዚህ ሰዎች ስማቸው በመጽሐፍ ቀርቷል። መሣሪያቸውን የተሸከመው፣ መንገዱን የመራው፣ የእያንዳንዱን ተራራ ስም የነገራቸው የአገሩ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስሙ አልተጻፈም።

ፓርኩና የጊጭ ሰዎች

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ዋናው ምክንያት ዋልያ ነበር፤ በዓለም ላይ ከዚህ ተራራ በቀር የትም አይገኝምና። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮም የኢትዮጵያ ብቻ የሆኑ የዚሁ ተራራ ነዋሪዎች ናቸው። በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች ውስጥ ሁለቱ፣ ሰሜንና ላሊበላ፣ የኢትዮጵያ ነበሩ። አሜሪካኖች የሚኮሩበት የሎውስቶንም በዚያው ዓመት በዚያው መዝገብ ገባ።

መዝገብ ግን ከመከራ አላዳነም። በ1980ዎቹ ተራራው የደርግ ሠራዊትና የተቃዋሚ ኃይሎች የሚዋጉበት ምሽግ ሆነ፤ የፓርኩም ሠራተኞች ለቀው ወጡ። ዛሬ በስደት ካሉት መካከል በዚያ ዘመን በዚያ በኩል ሌሊት ለሌሊት፣ ኮከብ እያዩ ወደ ሱዳን የተጓዙ አሉ። ለነሱ የኮከብ ነገር መዝናኛ አልነበረም። በ1996 ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ በ2017 ነው።

ከዝርዝሩ ለመውጣት የተከፈለው ዋጋ ሊረሳ አይገባም። በተራራው ላይ በሜዳማው ሥፍራ የነበረው የጊጭ መንደር ሙስሊም ገበሬዎች ለብዙ ትውልድ የኖሩበት ነበር። በ2016 ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች ካሣ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ጥግ ወረዱ። ሣሩ አገገመ፤ ጭላዳውም ሜዳውን ያዘ። ገብስ ሲያርስ የኖረ ሰው ግን በከተማ ዳር ምን ሠርቶ ይደር የሚለው ጥያቄ እንዳለ ነው። ዋልያን ማዳን ተገቢ ነበር፤ ሆኖም ተራራው ባዶ አልነበረም። ካሣውን ተቀብሎ የወረደውም ሰው ቢሆን የአባቱን መቃብር ይዞ አልወረደም። ከዚያ ወዲህም በ2021 ጦርነት ወደ ደባርቅና ዳባት አካባቢ ደረሰ፤ ከ2023 ጀምሮም በአማራ ክልል ግጭት ሲቀሰቀስ የጎብኚው ቁጥር አሽቆለቆለ። ጎብኚ ሲጠፋ በቅሎ የሚያከራየው፣ መንገድ የሚመራውና እንጀራ የሚጋግረው ሁሉ ይቸገራል።

እንጦጦ፣ ቡናና አቦል

የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 ሲመሠረት ብዙ ሰው ቀልዶበታል። የተራበ አገር ከሰማይ ምን ይፈልጋል የሚል ነበር ነገሩ። ማኅበሩ ግን ሥራውን ቀጠለ። በ2015 ከአዲስ አበባ በላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የያዘ ማዕከል በእንጦጦ ተከፈተ። የከተማው መብራት እያየለ በመምጣቱ ደግሞ ጨለማው ወደ ጠነከረበት ወደ ላሊበላ ተራሮች ፊታቸውን ያዞሩ ጥናቶች ተደረጉ። በሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 2020) ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና የታየችው በዚያው በላሊበላ ነው።

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ደግሞ በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት ነገር ሆነ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር እያንዳንዱ አገር ለአንድ ኮከብና ለፕላኔቱ ስም እንዲያወጣ ባደረገው ውድድር የኢትዮጵያ ምርጫ በዲሴምበር 17 ቀን 2019 ይፋ ሆነ። ኮከቡ «ቡና»፣ ፕላኔቱ «አቦል» ተባለ። በዲሴምበር 20 ደግሞ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ተወነጨፈች። ቡና የተባለው ኮከብ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ዛሬ ማታ የሚታየው ብርሃኑ የተነሣው ውቤም ካሣም ከመንገሣቸው ወይም ከመሸነፋቸው በፊት ነው ማለት ነው።

ከሚኔሶታ ሰማይ ሥር

ሰሜን ተራራ ላይ የሰሜን ኮከብ ዝቅ ብላ፣ ከአድማሱ 13 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብላ፣ በገደሉ አፋፍ በኩል ትታያለች። በሚኒያፖሊስ 45 ዲግሪ ላይ፣ የሰማዩ እኩሌታ ላይ፣ ትገኛለች። በሚያዝያና በግንቦት ምሽት ከሰሜን ተራሮች በደቡብ በኩል የሚታየው የመስቀል ቅርጽ ያለው የከዋክብት ስብስብ ከሚኔሶታ ፈጽሞ አይታይም። ከአገሩ የወጣ ሰው መሬቱን ብቻ ሳይሆን የሰማዩንም አንድ ክፍል ትቶ ወጥቷል።

የተገኘም ነገር አለ። የጥንት ግሪኮች ካሲዮፔያ የምትባል የኢትዮጵያ ንግሥት፣ ሴፌዎስ የሚባል ንጉሥና አንድሮሜዳ የምትባል ልጃቸው ከዋክብት ሆነው ሰማይ ላይ ቀሩ ብለው ተርከዋል። የግሪኮቹ «ኢትዮጵያ» ከግብፅ በታች ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር ሁሉ የሚያጠቃልል እንጂ የዛሬዋ ብቻ አልነበረችም። ሆኖም ካሲዮፔያ ከሰሜን ተራሮች ስትታይ ትወጣለች፣ ትጠልቃለች፤ ከሚኔሶታ ግን ዓመቱን ሙሉ አትጠልቅም።

የሁለቱ ከተሞች መብራት ይህን ሁሉ ይጋርዳል። ብዙ ወላጆች ሌሊቱን የሚያውቁት በሥራ ነው፤ በአውሮፕላን ጣቢያ፣ በታክሲ፣ በአረጋውያን መጦሪያ። ልጆቹም ሰማይ ብርቱካናማ ነው ብለው ያድጋሉ። ግን የአራትና የአምስት ሰዓት መንገድ ወደ ሰሜን ቢነዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የጨለማ ሰማይ መጠበቂያ ተብሎ የተሰየመው የባውንደሪ ዋተርስ ደን አለ፤ የቮያጀርስ ብሔራዊ ፓርክም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ እውቅና አግኝቷል። ሩቅ ለማይሄድም ከከተማ ወጣ ያለ የግዛት ፓርክ አይጠፋም።

በኅዳር ሚካኤል ሰሞን፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ገደማ፣ አንድሮሜዳ የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ከሚኔሶታ ራስ በላይ ይሆናል። ቡና በባዶ ዓይን አይታይም፤ በቀላል የእጅ መነጽር ግን ሊገኝ ይችላል። ከሰማዩ መካከል ሦስት ዲግሪ ያህል ብቻ ይርቃል። በዚያ ሰዓት ጋቢ ደርቦ፣ በቴርሞስ ቡና ይዞ፣ ልጆቹን አስከትሎ የሚወጣ ወላጅ ሁለት ነገር ሊያሳያቸው ይችላል፤ አንዱ በላይ ያለው ኮከብ ነው፣ ሌላው ስለ ደባርቅ፣ ስለ ደራስጌና ስለ ጊጭ ሰዎች የሚነግራቸው ታሪክ ነው። ኮከቡ ቢዘገይም ይጠብቃል። ታሪኩን የሚያውቁት አባቶችና እናቶች ግን ሁልጊዜ አይኖሩም።