ከአምባው ያመለጠው ልዑል

መስከረም ሊገባደድ ሲል ከአዲስ አበባ የተነሡ አውቶቡሶች ኮምቦልቻን አልፈው የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ይያያዙታል። ደሴ ደርሰው ትንፋሽ ከወሰዱ በኋላ ጉዞው ወደ አምባሰል ይቀጥላል። መድረሻው ግሸን ማርያም ነው፤ በዓሉ መስከረም 21። ምእመናን የመስቀል ቅርጽ ያለውን አምባ የሚወጡት ግማደ መስቀሉ ያረፈበትን ቦታ ለመሳለም ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ግን ወደዚህ ተራራ የተጠጋ እንግዳ የሚቀበለው የድንጋይ ናዳ ነበር።

ምክንያቱ አምባው ላይ የሚኖሩት ሰዎች ናቸው። ዙፋን ይሻማሉ ተብለው የተፈሩ የንጉሥ ወንድሞችና የወንድም ልጆች እዚያ በዘብ ይጠበቁ ነበር። ንጉሥ ሲሞት መኳንንቱ ከመካከላቸው አንዱን ያወርዱና ያነግሡታል። አፄ ናዖድ እ.ኤ.አ. በ1494 የነገሠው ከዚያ ወርዶ ነው፤ አያቱ አፄ ዘርዐ ያዕቆብም ከመንገሣቸው በፊት እዚያው እንደኖሩ ይነገራል። ዕድሉ ያልደረሰው ደግሞ እዚያው አርጅቶ ይሞታል።

በ1520ዎቹ አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ አንድ የማምለጥ ሙከራ ጽፏል። አንድ ልዑል ቅርንጫፍና ቅጠል ተሸፍኖ ቁጥቋጦ መስሎ ይወርዳል። እርሻቸው ላይ የነበሩ ገበሬዎች ቁጥቋጦው ሲንቀሳቀስ ያያሉ፤ ቀርበው ቢፈትሹ ሰው ሆኖ አገኙት፤ ያዙት። የሰውየው ሕልምም ፍርሃትም ከዚህ በላይ አልተጻፈም።

በ1540 የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን ያዘ፤ የልዑላኑ ግዞትም በዚያው አበቃ። ልማዱ ግን አልሞተም። በጎንደር ዘመን ወደ ወህኒ አምባ ተዛወረ፤ ዛሬ እስር ቤትን ወህኒ ስንል የምንጠራው የዚያን ተራራ ስም ነው።

የግሸን ወሬ ግን ባሕር ተሻግሮ ነበር። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ሚልተን በ1667 ባሳተመው ታላቅ ግጥሙ የአማራን ተራራ አነሣ። ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ በወጣትነቱ፣ በ1735፣ የኢየሱሳዊውን የዠሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መለሰ። ከ24 ዓመት በኋላ እናቱ ሞቱ። የቀብራቸውን ወጪ የሚሸፍንበት ገንዘብ ስላልነበረው በአንድ ሳምንት ምሽቶች አንድ ልብ ወለድ ጻፈ። የዋና ገጸ ባሕርዩን ስም ከአፄ ሱስንዮስ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ እንደወሰደው ይታመናል። ልዑሉም ራሴላስ ተባለ።

ወሎዬ አንባቢ ገና ከመጀመሪያው ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ኢትዮጵያን ረግጦ የማያውቀው ጆንሰን አምባውን ገልብጦ ሸለቆ አድርጎታል። በተራሮች የተከበበ፣ የብረት በር ያለው፣ ሐይቅም ምግብም ሙዚቃም የሞላበት የደስታ ሸለቆ ነው። ራሴላስ እዚያ ምንም አይጎድለውም። 26ኛ ዓመቱ ላይ ግን የጠገበው ሆዱ እንጂ ልቡ እንዳልሆነ ይገባዋል።

ጀግናው እንግዲህ ይህ ነው። ሰይፍ አይመዝም፣ ዘንዶ አይገድልም። መጀመሪያማ ጭራሽ አይንቀሳቀስም፤ ከሸለቆው ወጥቶ የተበደሉትን ሲታደግ እያለመ 20 ወር ያባክናል። ጊዜው ማለፉን ሲያውቅ ደግሞ በቁጭት ሌላ አራት ወር ይጨምርበታል። ከዚህ የሚያነቃው ፈላስፋ አይደለም። አንዲት ገረድ ሲኒ ትሰብራለች፤ የማይጠገን ነገር ሊያስቆጭ አይገባም ስትል ይሰማታል። በደሴ ቡና ላይ ቢሆን ኖሮ «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» ብላ ረከቦቷን ታስተካክል ነበር። ልዑሉ ከገረድ ለመማር አላፈረም፤ ከዚያ በኋላ መውጫ ፍለጋ ጀመረ።

ፍለጋውም ቀላል አልነበረም። አንድ ብልሃተኛ ክንፍ ሠርቶ እንደሚበር ተማምኖ ዓመት ከለፋ በኋላ ከገደል ጫፍ ሲዘል ሐይቅ ውስጥ ወደቀ። አየር ላይ ያልረባው ክንፍ ውኃ ላይ አንሳፈፈው፤ በድንጋጤ ግማሽ ሬሳ የሆነውን ሰው ጎትቶ ያወጣው ራሴላስ ነው። በመጨረሻ ልዑሉና ገጣሚው ኢምላክ ዝናብ ከጉድጓዳቸው ያባረራቸው ሽኮኮዎች ሽቅብ አግድም ሲቆፍሩ አዩ። እነሱም በዚያው አቅጣጫ ተራራውን ቦረቦሩት። እህቱ ነቃያም ተከተለቻቸው።

ታሪክ ስንት ጀግና እያለው የተፈጠረ ሰው ለምን አርአያ ይሆናል? ግሸን ራሱ መልስ አለው። ቅጠል ለብሶ ከወረደው እውነተኛ ልዑል የቀረልን መያዙ ብቻ ነው። ዜና መዋዕል የነገሠውን ያወድሳል፤ ያመነታውንና ሞክሮ የወደቀውን አይከተልም። ራሴላስን ግን ከውስጥ እናየዋለን፤ ስንፍናውን፣ ቁጭቱን፣ ቁፋሮውን ጭምር። ሥራ እስኪያገኝ ወይም ከአገር እስኪወጣ እያለመ ወራት ለሚያልፉበት የኮምቦልቻ ወጣት ከድል አድራጊ ንጉሥ ይልቅ የሚቀርበው ይህ ልዑል ነው። ካይሮ ደርሶ ሀብታሙንም ባሕታዊውንም ጠይቆ የደስታን ምስጢር አያገኝም፤ ወደ አገሩ ሊመለስ ይወስናል። መጽሐፉም ይህን አይደብቅም።

ጆንሰን የጻፈው በባዕድ ቋንቋ ቢሆንም መጽሐፉ ቤቱን አግኝቷል፤ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅና የኦክስፎርድ ተማሪ የነበረው ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶታል። የደሴና የኮምቦልቻ መምህራን ይህን የአገራቸውን ልዑል ለተማሪዎቻቸው ቢያስተዋውቁት መልካም ነው። ሲኒዋ የተሰበረችበትን ምዕራፍ ለማንበብ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።