ሃሊበትን በአገር መቁጠር

ሃሊበት የሚባለው የሰሜን ባሕሮች ጠፍጣፋ ዓሣ በምርት ሠንጠረዥ ሲቀርብ፣ አሜሪካ ይህን ያህል ቶን፣ ካናዳ ይህን ያህል፣ ኖርዌይም ይህን ያህል አጠመዱ ተብሎ በአገር በአገር ይከፈላል። ንጽጽሩ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ሠንጠረዡ የሚቆጥረው ወደብ የደረሰውን ዓሣ እንጂ በባሕር ውስጥ የቀረውን አይደለም። ስለዚህ የአንድ አገር አኃዝ ሳይወድቅ ዓሣው ሊያልቅ ይችላል።

በአትላንቲክ የሆነውም ይኸው ነው። የኒው ኢንግላንድ አጥማጆች፣ በተለይም የግሎስተር ከተማ መርከበኞች፣ ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነው የጆርጅስ ባንክ ባሕር ሃሊበትን በብዛት ማጥመድ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ነበር። ሃያ ዓመት ያህል ሳይቆይ ስፍራው ተራቆተ። መርከቦቹ ግን አላረፉም፤ ዓሣ ፍለጋ እየራቁ ሄደው እስከ ግሪንላንድና አይስላንድ ዘለቁ። ጭነቱ ግሎስተር ላይ መራገፉን ስላላቋረጠ፣ የወደቡን መዝገብ ብቻ የሚያገላብጥ ሰው ከኋላ የቀረውን ባዶ ባሕር አያይም።

በፓሲፊክ ጠረፍም ንግዱን በ1888 የጀመሩት ከዚያው ከኒው ኢንግላንድ የሄዱ መርከቦች ናቸው፤ የባቡር ሐዲዱ ምዕራብ ስለደረሰ ዓሣውን በበረዶ አሽጎ ወደ ምሥራቅ መላክ ተችሎ ነበር። መመናመኑም ተከተለ። እዚህ ላይ ግን ታሪኩ አቅጣጫውን ለወጠ። ከላንግሊ ፓርክ ጥቂት ማይል ርቃ በምትገኘው ዋሽንግተን፣ ማርች 2 ቀን 1923፣ አሜሪካና ካናዳ የሃሊበት ውል ተፈራረሙ። የብሪታንያ አምባሳደር አብሮ ሊፈርም ቢሻም፣ ካናዳ በሚኒስትሯ በኧርነስት ላፖይንት እጅ ብቻዋን ፈረመች፤ ይህም ያለ ብሪታንያ ፊርማ የገባችው የመጀመሪያ ውል ሆነ። ኢትዮጵያም የመንግሥታቱን ማኅበር የተቀላቀለችው በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ነው። የሉዓላዊነት ጥያቄ በፊርማ ይፈተን በነበረበት በዚያ ዘመን፣ የካናዳን ፈተና ያመጣው ዓሣ መሆኑ ሊያስገርም ይችላል።

ውሉ ራሱ ደካማ ነበር፤ በብርዱ ወራት ለሦስት ወር ማጥመድን ከመከልከል ብዙም አላለፈም። ትልቁ ፍሬው ያቋቋመው የሁለቱ አገሮች ኮሚሽን ነው። ሳይንቲስቱ ዊልያም ቶምፕሰን የአገሮችን ድምር ትቶ፣ አንድ የመንጠቆ ገመድ ስንት ዓሣ ይዞ እንደሚወጣ ቆጠረ። ድምሩ የሸሸገውን የገመዱ ቁጥር ገለጠው፦ ያንኑ ያህል ዓሣ ለማውጣት ብዙ ተጨማሪ ገመድ ያስፈልግ ነበር። ከ1930ው ውል በኋላ ኮሚሽኑ ለየአካባቢው የዓመት ገደብ መወሰን ቻለ።

ከዚያ ወዲህ የሁለቱን አገሮች ቶን ማነጻጸር በአብዛኛው የኮሚሽኑን ውሳኔ ማንበብ ነው። እውነተኛው ልዩነት ድርሻውን በማከፋፈሉ ላይ ነበር። ካናዳ በ1991 ለእያንዳንዱ ጀልባ የራሱን ኮታ ሰጠች፤ አላስካ ይህን ያደረገችው በ1995 ነው። በመካከሉ ባሉት አራት ዓመታት የካናዳ ጀልባዎች ወራት ወስደው ትኩስ ዓሣ ለገበያ ሲያቀርቡ፣ በአብዛኛው የአላስካ ባሕር ግን ማዕበል ይኑር አይኑር ሁሉም የሚሻማው ማጥመድ በተፈቀደባቸው አንድ ሁለት ቀናት ነበር። የቶኑ ሠንጠረዥ ይህን አይናገርም።