ልብ ወለድ፤ የአንድ ቃል ታሪክ

በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ «ልብ ወለድ» የሚለውን ቃል ያህል ክብርና ንቀት በአንድነት የተሸከመ መጠሪያ ጥቂት ነው። ደራሲያን የሥራቸው ስም አድርገው በመጽሐፋቸው ሽፋን ላይ ያትሙታል። በአደባባይ ንግግር ግን መሠረት የሌለው ክስ «ልብ ወለድ ክስ»፣ ያልተጨበጠ ወሬም «ልብ ወለድ ወሬ» ሲባል እንሰማለን። አንዱ ቃል ለጥበብም ለቅጥፈትም መጠሪያ ሊሆን የቻለው እንዴት ነው?

በመጀመሪያ ቃሉን ከፍሎ መመልከት ይገባል። «ልብ» በአባባላችን የስሜት ማደሪያ ብቻ አይደለም። «ልባም» ስንል አስተዋይ ማለታችን ነው፤ «ልብ በል» ስንልም አስተውል ማለታችን ነው። በግዕዝም «ለበወ» ማለት አስተዋለ ማለት ሲሆን፣ «ልቡና» የሚለውም ቃል ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። እንግዲህ ልብ የወለደው ነገር አእምሮ አስቦና አስተውሎ ያስገኘው ነው እንጂ ምላስ እንዳመጣ የጣለው አይደለም። «ወለድ» የሚለውንም በገንዘብ ረገድ እናውቀዋለን። ዋናው ሳይኖር ወለድ እንደማይገኝ ሁሉ፣ ካየውና ከኖረው ያልተነሣ ደራሲም ልቡ የሚወልደው አይኖረውም።

ቃሉ በኅትመት ጎልቶ የወጣው በ1900 ዓ.ም. ነው። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በዚያ ዓመት ሮም ላይ ያሳተመውን መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብሎ ሰየመው። የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ በምትወጣው ልጅ ስም «ጦቢያ» እየተባለ መጠራቱ በኋላ የመጣ ነው። ከዚያ በፊት አንባቢ ታሪከ ነገሥቱን፣ ገድሉንና ተአምራቱን የሚቀበለው እንደ ተደረገ ነገር ነበር። ተረት ደግሞ በቃል የሚነገር ስለሆነ አድማጩ ተረትነቱን አስቀድሞ ያውቃል። በሁለቱ መካከል የሚቆም፣ በጽሑፍ የቀረበ ግን ያልተደረገ ታሪክ መጠሪያ ያስፈልገው ነበር። አፈወርቅም ታሪክ መሆኑን ሳይክድ የወለደው ልብ መሆኑን በግልጽ አስታወቀ። ሊያታልል የሚሻ ሰው እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በሽፋን ላይ አያትምም፤ ስለዚህ ቃሉ ሲነሣ የሐቀኝነት ምልክት ነበር።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሰፋ። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ»ን አሳተሙ፤ በ1958 ዓ.ም. የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጣ። በዚህ ጉዞ «ታሪክ» የሚለው ተከታይ ቃል እየቀረ ሄደ፤ ቅጽል የነበረው ራሱን ችሎ ስም ሆነ፤ «ረጅም» እና «አጭር» ተብሎም ተከፈለ። በአነጋገርም ሁለቱ ቃላት ተዋሕደው «ልቦለድ» ሆኑ። ለመናቁ በር የተከፈተው በዚሁ ይመስለኛል። «ታሪክ» ሲቀር ቃሉ ከእውነት ጋር የነበረው ዝምድና ከጆሮ ጠፋ።

ዝምድናው ግን አልተቋረጠም። በዓሉ ግርማ በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መነሻ አድርጎ የጻፈው «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታተመ። መጽሐፉ ልብ ወለድ ነበር፤ ባለሥልጣናቱ ግን እንደዚያ አላነበቡትም። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ልብ ወለድ ማለት ውሸት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ማን ይፈራው ነበር? ውሸትን ማስተባበል ይቻላል። ልብ አስተውሎ የወለደው ግን አንባቢው ከገዛ ኑሮው ጋር እያስተያየ ስለሚያረጋግጠው የሚያስተባብለው አይገኝም።

አማርኛ ለሐሰት ስም አላነሰውም። ሐሰት፣ ውሸት፣ ቅጥፈት፣ ፈጠራ ወሬ እያለ ሊጠራው ይችላል። ለሐሰተኛ ክስ የሐሰት ክስ የሚለው ስም ይበቃዋል። «ልብ ወለድ» ግን ዋጋ የተከፈለበት ቃል ነውና፣ ጋዜጠኛውም ተናጋሪውም በስድብ ቦታ ከማዋሉ በፊት ቃሉን ልብ ይበለው።