የተላከውና የደረሰው፦ የይዘት አሻራ ራስጌዎች ታሪክ

ኤችቲቲፒ በተባለው የድረ ገጽ መገናኛ ሥርዓት ከእያንዳንዱ መልእክት በፊት የሚቀድሙት አጫጭር የመግለጫ መስመሮች ራስጌ ወይም ሄደር ይባላሉ፤ የይዘቱን ዓይነት፣ ርዝመትና ቋንቋ የሚገልጹትም እነሱ ናቸው። ይዘቱ በመንገድ ሳይዛባ መድረሱን የሚመሰክረው ራስጌ ግን የተወለደው በኢሜይል ዘንድ ነው። የኢንተርኔት አሠራር ከሚደነገግባቸው ተከታታይ ሰነዶች አንዱ የሆነውና እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው አርኤፍሲ 1864 ኮንቴንት-ኤምዲ5 የተሰኘውን ራስጌ የደነገገው፣ ደብዳቤ አሸጋጋሪ ማሽኖች ይዘቱን ሳይታሰብ ሲለውጡት ተቀባዩ እንዲያውቅ ነው። ላኪው ይዘቱን ሮናልድ ሪቨስት በ1991 በነደፈው የኤምዲ5 ስሌት ያሳልፈዋል፤ ስሌቱም ይዘቱ ቢያንስም ቢበዛም ምንጊዜም 128 ቢት የሆነ አሻራ ያወጣል፤ ተቀባዩ ስሌቱን ደግሞ ሠርቶ ሁለቱ አሻራዎች ካልገጠሙለት ይዘቱ መለወጡን ይረዳል።

በ1997 የወጣው የኤችቲቲፒ 1.1 ድንጋጌ ይህንኑ ራስጌ ሲወርስ፣ ፕሮክሲ የሚባሉት መካከለኛ ማሽኖች እንዳይጽፉት ከለከለ። ክልከላው ተገቢ ነበር፤ በመንገድ ለተበላሸ ይዘት በዚያው መንገድ ያለ ማሽን አሻራ ቢሰጠው፣ ስሕተቱ ማረጋገጫ ይዞ ይደርሳልና። ድንጋጌው ያላጠራው ሌላ ነገር ነበር፦ ደንበኛው ከአንድ ትልቅ ፋይል ከፊሉን ብቻ ሲጠይቅ አሻራው የሚሰላው ከተላከው ቁራጭ ነው ወይስ ከሙሉው ፋይል? ሠሪዎቹ በተለያየ መንገድ ተረጎሙት። በ2004 ቻይናዊቷ ዋንግ ሺያውዩን ከባልደረቦቿ ጋር አንድ ዓይነት የኤምዲ5 አሻራ ያላቸው የተለያዩ ይዘቶች ሊገኙ እንደሚችሉ ስላሳየች፣ ራስጌው የተሻረው በዚህ ሳቢያ ይመስላል፤ በ2014 የሻረው አርኤፍሲ 7231 ግን የጠቀሰው ምክንያት ያንን የከፊል መልስ አለመስማማት ብቻ ነው።

በ2002 ጄፍሪ ሞጉልና አርተር ቫን ሆፍ ያቀረቡት ዳይጀስት የተባለ ራስጌ አሻራው የሙሉው ይዘት እንዲሆንና የስሌቱም ዓይነት እንዲመረጥ በማድረግ ችግሩን በከፊል ፈትቶት ነበር። ጉዳዩን የቋጨው የካቲት 2024 የወጣው አርኤፍሲ 9530 ሲሆን፣ እሱም ሥራውን ለሁለት ከፈለው፤ ኮንቴንት-ዳይጀስት በዚያው መልእክት የተጓዙትን ባይቶች ብቻ ሲለካ፣ ሬፕር-ዳይጀስት ቁራጩ የተወሰደበትን ሙሉ ቅጂ ይለካል፤ በጂዚፕ የታመቀ ቅጂም ካልታመቀው የተለየ አሻራ አለው። ኤምዲ5 ተገልሎ በቦታው ሻ-256 እና ሻ-512 ገብተዋል። ይሁንና አሻራ ብቻውን የሚያጋልጠው ድንገተኛ ብልሽትን እንጂ ተንኮለኛን አይደለም፤ ይዘቱን መለወጥ የቻለ ሰው ራስጌውንም አብሮ ሊለውጥ ይችላልና። በዚያው ወር የወጣው አርኤፍሲ 9421 የኤችቲቲፒ መልእክት በምስጢር ቁልፍ የሚፈረምበትን መንገድ ሲደነግግ ይዘቱን ራሱን አያስፈርምም፤ ፊርማው የሚያርፈው በኮንቴንት-ዳይጀስት ራስጌ ላይ ነው።